ጠላው በየትኛው የሂሳብ መደብ ይያዝ?

ሰሞኑን ቡሬ የሚያስተምር አንድ ወጣት የታሪክ መምህር የድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ እንግሊዝኛውን ይዩልኝ» አለኝ። እንግሊዝኛው ደኅና ነው። ያናደደኝ ቅጹ ነው። ልጁ የሚፈልገው በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲነሣ ዳሞት ውስጥ የነበሩ ሽማግሌዎችን ድምፅ መቅዳት ነው። ቅጹ ደግሞ «የሚጠበቀውን ውጤት በቁጥር አስቀምጥ» ይለዋል። ውጤቱን ቢያውቀው ኖሮ ሽማግሌው ደጅ ምን ያስኬደዋል?

ለጋሾቹ ብቻህን አይሆንም፣ በማኅበር ና ብለውታል። ማኅበር ቢያቋቁም አዋጅ 1113/2011 ይጠብቀዋል፤ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ አይለፍ ይላል። ይሁን። ግን በእኛ አገር ባዶ እጁን ሽማግሌ ቤት የሚገባ የለም፤ ቡናና ስኳር ይያዛል። ወሬው የሚጥመውም ጠላው ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ነው። ታዲያ ጠላው የአስተዳደር ነው የፕሮግራም? በየትኛው የሂሳብ መደብ ይያዝ? ደረሰኙንስ ማን ይቁረጥ፣ ጠማቂዋ?

ትልልቆቹ ለጋሾች መጥፎ ናቸው አልልም። የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት መርሐ ግብር ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው፤ የኛንም ገዳማት ብራናዎች በዲጂታል አስቀድቷል፣ ዋናውም እዚሁ ቀርቷል። የአሜሪካ አምባሳደሮች የባህል ጥበቃ ፈንድ ላሊበላ ላይ ለቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና ደርሷል። ብራናም ድንጋይም ደጋፊ አላቸው ማለት ነው። በሕይወት ያለ፣ ጆሮው የደከመ፣ ዳሞት ውስጥ በር ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ግን በየትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ ቅጹ አያውቅም። በ1960 የ20 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ዛሬ ሰማንያ ሊሞላው ነው።

የዓመፁ ዋና ነገርማ ተጽፏል፤ ገብሩ ታረቀ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ገበሬው መሬት ሊለካብኝ፣ ርስቴ ሊሄድብኝ ነው ብሎ ሸፈተ፣ መንግሥት ወታደርም አውሮፕላንም ላከ፣ በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። የቀረው ሌላው ነው። አውሮፕላኑ ሲመጣ ከብቱ የት ተደበቀ? ምክሩን ከገበያ ገበያ ያዞረው ማን ነው? ሴቶቹ ምን ይሉ ነበር? ይህን የሚመልስ መዝገብ ቤት የለም።

ባለገንዘብ ብቻ ታሪክ መንገሩ ወደ ግሽ ዓባይ ይወስደኛል። የዓባይን ምንጭ ወሬ ለዓለም ያደረሱት ኪሳቸው ሞልቶ የመጡት ናቸው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ምንጩ ካለበት ሰቀላ ሲደርስ የኢየሱሳውያን ማኅበሩ ከኋላው ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. የመጣው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ርስቱ ላይ ከሰል የሚያስቆፍር የስኮትላንድ ባለመሬት ነበር፤ ፓኤዝ ከእኔ ቀድሞ አላየውም ብሎም ተከራክሯል። ውጤትህን በቁጥር አስቀምጥ ያለው አልነበረም። ምንጩን ሲጠብቁና ሲጠበሉበት የኖሩት የሰቀላ ሰዎች ግን በሁለቱም መጽሐፍ ውስጥ አጃቢ ሆነው ቀሩ።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ያለ ፈረንጅ ገንዘብ ጥናት አይሆንም» አለኝ። አለቃ ተክለ ኢየሱስን ረስቶ ነው። ከወለጋ ተማርከው መጥተው ጎጃም ያደጉት ሠዓሊ የጎጃምን ትውልድ ከሽማግሌ አፍ እየሰበሰቡ ሲጽፉ ለማን አመለከቱ? ሥራቸውን በ2003 ዓ.ም. ግርማ ጌታሁን «የጎጃም ትውልድ በሙሉ» ብለው ባያሳትሙት ኖሮ የስንቶቻችን አያት ስም በጠፋ ነበር። በዚያው በ2003፣ መጋቢት ላይ፣ ግድቡ ተጀመረ፤ ከደመወዛችን እየተቆረጠ፣ ቦንድ እየገዛን ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የዓባይን ግድብ በራሱ ኪስ የገነባ ሕዝብ የዓባይን ራስ ታሪክ ለመቅዳት ከባሕር ማዶ ማስታወቂያ ይጠብቃል። ያውም በይነ መረብ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት በተቆረጠበት፣ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን በሚዘጋበት አገር! ጥሪው ሲወጣም ሲዘጋም ሳንሰማ ነው።

ለልጁ ቅጹን አርሜ ሰጥቼዋለሁ፤ ይላከው። ነገር ግን የሚያስፈልገው የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የስልኩ ባትሪ ቻርጅና ያ የተረገመ ጠላ ነው። በየዞኑ ለአንድ ቀን ወርክሾፕ የሚወጣው የባነርና የውሎ አበል ገንዘብ ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ጥቂት መምህራንን ክረምቱን ያዞራል። ክረምት ሰቀላ ጭቃ ነው ትሉ ይሆናል። ነው። ሽማግሌው ከቤት የሚገኘውም ያኔ ነው፤ ጎረምሶቹ እርሻ ሲወርዱ እሱ እሳት ዳር ይቀራል፣ የሚያጫውተው ሰው ይፈልጋል።