ሂት ፓምፕ ለቤት ሙቅ ውሃ፦ ከግዢና ከተከላ በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

ከመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ፣ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ የሚሻሻልበት አሠራር ተግባራዊ ሆኗል። በዚያው ዓመት ማብቂያ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። የሁለቱ ክንውኖች መገጣጠም አንድ ተገቢ ጥያቄ ያስነሣል፦ የኃይል አቅርቦቱ እያደገ ሳለ ቤተሰብ በቤቱ ፍጆታ ላይ መጨነቅ ለምን ያስፈልገዋል?

መልሱ ከግድቡ እስከ ቤት ባለው ርቀት ውስጥ ይገኛል። ጉባ ላይ የመነጨው ኃይል ወደ መኖሪያ ቤት የሚደርሰው በከፍተኛ ተሸካሚ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በሠፈር ትራንስፎርመርና በዝቅተኛ መስመር አልፎ ነው። ምሽት ላይ ምጣዱ፣ ምድጃውና ቦይለሩ በአንድ ጊዜ ሲበሩ የሚጨናነቀው በቅድሚያ የሠፈሩ ትራንስፎርመር ነው። በሌላ በኩል የታሪፍ ሥርዓቱ በፍጆታ እርከን የተከፋፈለ በመሆኑ ብዙ የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋም ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ብዙ ኃይል የሚወስዱ የቤት ዕቃዎችን አመራረጥ የቤተሰብን ወጪም የሠፈርን አገልግሎት ጥራትም የሚነካ ጉዳይ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ውሃ ማሞቂያ አንዱ ሲሆን፣ በገበያው ላይ እንደ አማራጭ የሚቀርበው ሂት ፓምፕ በርጋታ መመዘን ይኖርበታል።

መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ሂት ፓምፕ በመሠረቱ እንደ ፍሪጅ የሚሠራ መሣሪያ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ያለውን ሙቀት ወስዶ ከጀርባው ወደ ክፍሉ ይለቅቃል። ሂት ፓምፕ ደግሞ ከአካባቢው አየር ሙቀት ወስዶ በኮምፕሬሰር አማካይነት ወደ ውሃው ያስተላልፋል። የተለመደው ቦይለር 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ወስዶ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ ሙቀት ይሰጣል። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀቱን ከአየር ስለሚያጓጉዝ ለተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ከሁለት ተኩል እስከ አራት እጥፍ ሙቀት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ንጽጽር የአፈጻጸም ምጣኔ ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ በመሣሪያዎች ላይ ብዙውን ጊዜ «ሲኦፒ» በሚል ምልክት ይገለጻል።

ምጣኔው ቋሚ ቁጥር አይደለም። አየሩ ሞቅ ባለ መጠን ይጨምራል፤ በቀዘቀዘ መጠን ይቀንሳል። በአዲስ አበባ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎች ደጋ ከተሞች የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነት ሰፊ በመሆኑ ይህ ባሕርይ ልዩ ትርጉም አለው። መሣሪያው ንጋት ላይ ከመሥራት ይልቅ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቢሠራ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ከምሽቱ የኃይል ጭነትም ይወጣል። በጥሩ ሁኔታ የተሸፈነ ጋን እኩለ ቀን ላይ የሞቀውን ውሃ እስከ ማግስቱ ጠዋት ማቆየት ስለሚችል፣ መብራት ቢቋረጥም ሙቅ ውሃው ከቤተሰቡ ጋር ይቆያል።

የቁጠባው ልክ

አምስት አባላት ያሉትና እያንዳንዱ አባል በቀን 30 ሊትር የሞቀ ውሃ የሚጠቀምበትን ቤተሰብ በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። 150 ሊትር ውሃን ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ለማድረስ 3.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። በጋኑና በቧንቧው የሚባክነው ሙቀት ሲታከልበት ዕለታዊው ፍጆታ ወደ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። ይህም በተለመደው ቦይለር በወር 150 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ማለት ነው። የአፈጻጸም ምጣኔው 3 የሆነ ሂት ፓምፕ ይህንኑ አገልግሎት በ50 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ቤተሰቡንም ወደ ዝቅተኛ የታሪፍ እርከን ሊያወርደው ይችላል።

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ብቻውን ግዢውን ትክክል አያደርገውም። ለስሌት ያህል አንድ ኪሎዋት ሰዓት 5 ብር፣ በሂት ፓምፑና በተለመደው ቦይለር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ደግሞ 60,000 ብር ነው ቢባል፣ ወርኃዊው ቁጠባ 500 ብር፣ ልዩነቱ የሚመለሰውም በ120 ወራት ወይም በአሥር ዓመት ይሆናል። አሥር ዓመት ከመሣሪያው የአገልግሎት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ነው። በአንጻሩ በአንድ ግቢ ውስጥ ለሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች ወይም ለአነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የሙቅ ውሃ ፍላጎቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን፣ የዋጋ ልዩነቱ በእጥፍ ቢያድግ እንኳ ገንዘቡ በሰባት ዓመት ገደማ ይመለሳል። ታሪፉ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ጊዜው ያጥራል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ሂት ፓምፕ ጥቂት ሙቅ ውሃ ለሚጠቀም ቤተሰብ አትራፊ ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ለሚጠቀም ግን ጠቃሚ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው በሻጭ ገለጻ ላይ ሳይሆን ቤተሰቡ በእጁ ባሉት የጥቂት ወራት የፍጆታ ደረሰኞችና ከተለያዩ ሻጮች በሚሰበስበው ዋጋ ላይ ሊመሠረት ይገባል።

ቀድመው ሊታዩ የሚገባቸው አማራጮች

ከማንኛውም ግዢ በፊት ያለውን ቦይለር በአግባቡ መጠቀም ዝቅተኛ ወጪ ያለው እርምጃ ነው። የሙቅ ውሃ ቧንቧን በስፖንጅ መሸፈን፣ ቀኑን ሙሉ ከመክፈት ይልቅ የሰዓት መቆጣጠሪያ ማስገጠምና ውሃ ቆጣቢ የሻወር ራስ መጠቀም ፍጆታን ይቀንሳሉ። የማሞቂያውን ልክ ያለገደብ ዝቅ ማድረግ ግን አይመከርም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጎጂ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል የተጠራቀመ ውሃ 60 ዲግሪ እንዲደርስ ይመከራል፤ ከቧንቧው ሲወጣ እንዳያቃጥልም ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው አማራጭ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ነው። የራሱ ጣሪያና በቂ የፀሐይ ብርሃን ያለው ቤት በበጋ ወራት ያለ ኤሌክትሪክ ወይም በጥቂት ኤሌክትሪክ ሙቅ ውሃ ሊያገኝ ስለሚችል ይህ አማራጭ ከሂት ፓምፕ በፊት መታየት አለበት። በክረምት ደመና ሲበዛ ግን ደጋፊ ማሞቂያ ያስፈልገዋል። ጣሪያው የጋራ በሆነበት ኮንዶሚኒየም ወይም ረጃጅም ሕንፃዎች ጥላ በሚያጠሉበት ቦታ ሂት ፓምፕ የተሻለ ተስማሚነት ሊኖረው ይችላል።

ክፍልን ለማሞቅ የሚያገለግሉ ሂት ፓምፖችም አሉ፤ ሙቀትም ቅዝቃዜም የሚሰጡ ኤር ኮንዲሽነሮች ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ነገር ግን ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያና ክፍተት ያለው በር ወይም መስኮት ባለበት ቤት የሚመረተው ሙቀት ወዲያው ስለሚወጣ፣ ቅድሚያ ለኮርኒስና ለክፍተቶች መድፈን መሰጠት አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥን ብርድ ለመከላከል የከሰል ምድጃ በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ ማሳደር ግን ሕይወት የሚቀጥፍ ተግባር ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው በመሆኑ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል።

በምርጫ ወቅት

የመጀመሪያው ጥያቄ ምጣኔው በምን ያህል የአየር ሙቀት እንደተለካ ነው። በ20 ዲግሪ የተለካ ምጣኔ በደጋ ሌሊት አይገኝም። ሁለተኛው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ የአየር ግፊቷ ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። በሳሳ አየር ውስጥ ማራገቢያው የሚያገኘው ሙቀት ይቀንሳል፤ ሞተሩና የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎቹም በቀላሉ አይቀዘቅዙም። ብዙ አምራቾች ዋስትናቸውን እስከተወሰነ ከፍታ ድረስ ብቻ ስለሚሰጡ፣ መመሪያው ላይ የተጻፈውን ገደብ ማንበብና ከሻጩ የጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የጋኑ መጠን ነው። ሂት ፓምፕ ቀስ ብሎ ያሞቃል፤ 2 ኪሎዋት ሙቀት የሚሰጥ መሣሪያ 200 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በመሆኑም ጋኑ የቤተሰቡን የአንድ ቀን ፍላጎት የሚይዝ መሆን አለበት። አንዳንድ መሣሪያዎች ለማፋጠን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላቸው። ይህ ክፍል ሁልጊዜ ክፍት ከተተወ መሣሪያው እንደ ተራ ቦይለር ስለሚሠራ የሚጠበቀው ቁጠባ አይገኝም።

አራተኛው የማቀዝቀዣ ጋዙ ዓይነት ነው። አር 410ኤ የተባለው ጋዝ ከባቢ አየርን በማሞቅ ረገድ ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 ጊዜ በላይ ጉዳት ሲኖረው፣ አር 32 ከዚህ በእጅጉ ያነሰ፣ አር 290 ደግሞ እጅግ አነስተኛ ጉዳት አለው። አር 290 ፕሮፔን በመሆኑ ተቀጣጣይ ነው፤ ተከላውም ጥገናውም በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ መከናወን አለበት። ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ከፍተኛ ጉዳት ያላቸውን ጋዞች ደረጃ በደረጃ ስለሚቀንሱ፣ ዛሬ የሚገዛው መሣሪያ ከዓመታት በኋላ ጋዝ የሚገኝለት መሆኑም መታሰብ ይኖርበታል።

በተከላ ወቅት

መሣሪያው ቀዝቃዛ አየር ስለሚያወጣና ድምፅ ስላለው ከመኝታ ክፍል ርቆ፣ ከዝናብ ተጠልሎ፣ አየር በነፃነት በሚዘዋወርበት ቦታ መተከል አለበት። የሚያንጠባጥበው ውሃም መውረጃ ያስፈልገዋል። ውሃ የሞላ 200 ሊትር ጋን ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን በረንዳ ላይ ከመትከል በፊት የሕንፃው አቅም በባለሙያ መረጋገጥ አለበት፤ በጋራ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ የነዋሪዎች ስምምነት አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ውሃ በፈረቃ በሚደርስባቸው ሠፈሮች ጋኑ እንዳይጎድል ከጣሪያ ታንከር ጋር መገናኘት፣ ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክልና ትርፍ ግፊት የሚያስወጣ ቫልቭም ሊገጠምለት ይገባል። በኤሌክትሪክ በኩል የራሱ መስመርና ብሬከር፣ አስተማማኝ የመሬት መስመር እንዲሁም የቮልቴጅ መዋዠቅን የሚከላከል መሣሪያ ያስፈልገዋል። ከ3 ኪሎዋት በላይ ከሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ጋር በአንድ መስመር ላይ ማገናኘት ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ተጨማሪው ጭነት ከቆጣሪው አቅም በላይ ከሆነ አቅራቢያ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ቀርቦ ማሻሻያ መጠየቅ እንጂ ቆጣሪውን ወይም የአገልግሎት መስመሩን በግል መነካካት አይፈቀድም።

የኤሌክትሪክ ተከላ ሥራ የብቃት ማረጋገጫ በያዘ ባለሙያ መከናወን እንዳለበት የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006ን ተከትሎ የተዘረጋው ሥርዓት ያስገነዝባል። በመሆኑም ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ለማየት መጠየቅ የተገልጋዩ መብት ነው። ደረሰኝ፣ የጽሑፍ ዋስትና፣ የመለዋወጫ አቅርቦት ማረጋገጫና የአጠቃቀም መመሪያ ሳይረከቡ ክፍያ ማጠናቀቅ፣ መሣሪያው ሲበላሽ መብትን ለማስከበር አዳጋች ያደርጋል።

ተከላው ከተጠናቀቀ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የቆጣሪ ንባብ ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ፍጆታው በሚጠበቀው መጠን ካልቀነሰ የሰዓት አሞላሉ፣ ተጨማሪ ማሞቂያው ወይም የጋኑ ሽፋን መፈተሽ አለበት፤ ይህም የዋስትና ጊዜው ሳያልፍ መከናወን ይኖርበታል። ሂት ፓምፕ ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ፍላጎቱን በቆጣሪው ለክቶ፣ የጣሪያውን ፀሐይና የቤቱን መስመር አስፈትሾ ሲወስን ገንዘቡን ከብክነት፣ ቤቱንም ከአደጋ ይጠብቃል።