ሣጥኑ ከመገዛቱ በፊት

ሰሞኑን በሻይ ክበባችን፣ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ፣ አልፎ አልፎም በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሳይቀር የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም ለቪዲዮና ለድምፅ ትምህርቶቻችን የጋራ ማከማቻ ሣጥን ይገዛ ሲባል የትኛው ይገዛ? የሚል ነው። አንዱ «ትልቁ ይሁን፣ ቴራባይቱ ይብዛ» ይላል። ሌላው «ስሙ የታወቀ ፋብሪካ የሠራው ካልሆነ አይሆንም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ምን አደከመን! ቴሌግራም ላይ እንጫነውና እንገላገል» ይላል። እኛም በበኩላችን ሐሳባችንን ብንሰነዝር የሚከፋው ያለ አይመስለንም።

ለመሆኑ ሣጥኑ ምንድን ነው? አንድ፣ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ የሚይዝ፣ በሽቦ ከራውተር ጋር የሚያያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ባለሙያዎቹ «ናስ» ይሉታል፤ ከማዕድኑ ናስ ጋር ግን ዝምድና የለውም። በግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በስልኩም ሆነ በክፍሉ ቴሌቪዥን በውስጡ ያለውን ትምህርት ከፍቶ ያያል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሣጥኑና ራውተሩ መብራት እስካገኙ ድረስ ሥራው አይቋረጥም።

ጥቅሙ ለመምህር ግልጽ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት እናስታውስ። ትምህርቱ በሳተላይት ስለሚመጣ ተማሪው ገባውም አልገባው ቴሌቪዥኑ ይቀጥላል፤ መምህሩ «እስቲ ቆይ» ሊለው፣ ወደ ኋላም ሊመልሰው አይችልም ነበር። ከሣጥን የሚታይ ትምህርት ግን በመምህሩ እጅ ነው። ያቆመዋል፣ ይጠይቃል፣ ይመልሰዋል፣ ይቀጥላል።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ግለ ሂስ አለብን። በማስተማር ልምምድ ወቅት በቢታ ገነትና በዙሪያዋ ካሉ ሽማግሌዎችና እናቶች በካፊኖኖ የተነገሩ ተረቶችንና እንቆቅልሾችን ፈቃዳቸውን ጠይቀን በስልካችን ቀድተን ነበር። ለታችኛ ክፍል ሕፃናት ማስተማሪያ ይሆናሉ ብለን ሁሉንም በአንድ ተንቀሳቃሽ ሃርድ ዲስክ አጠራቀምን። የስልኮቻችን ቦታ ሲሞላ ደግሞ ከስልክ ላይ ሰረዝናቸው። አንድ ቀን ዲስኩ ከጠረጴዛ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ አልተከፈተም። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የራሳችን ነው።

በዚያው ዲስክ ውስጥ የነበሩትን የሒሳብና የሳይንስ ቪዲዮዎች፣ ፊልሞቹንም ጭምር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መልሰን አወረድናቸው። ተረቶቹን ግን ከየት እናውርድ? ከነገሩን አባቶች አንዱ ክረምቱ ሳይወጣ አርፈዋል።

እናቶቻችን የዘር በቆሎን ከሚበላው ለይተው ከምድጃው በላይ ይሰቅላሉ፤ ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ቤቱ ቢቸገር እንኳ ያ በቆሎ በዋዛ አይነካም። እኛ የተማርን ነን ባዮቹ ግን ዘሩንና ቀለቡን በአንድ ጆንያ አጨቅነው። ስለዚህ ምርጫችን መጀመር ያለበት ከሣጥኑ ሳይሆን ከምናስቀምጠው ነገር ነው እንላለን። ጠፍቶ የሚተካው የትኛው ነው? የማይተካውስ? ይህ ከተለየ በኋላ የሣጥኑ ምርጫ ይቀልላል።

አንደኛ፣ ስለ መጠን። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚወስድ ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 2 ቴራባይት ዲስክ ከ1000 ሰዓት በላይ ትምህርት ይችላል። እስቲ ማን ነው 1000 ሰዓት አዘጋጅቶ ቦታ ያጣው? ለትልቁ ዲስክ የሚወጣው ገንዘብ ለሁለተኛ ቅጂ ይዋል።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ ባለ ሁለት ዲስክ ቢሆን መልካም ነው። አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆኖ ሲሠራ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። ሆኖም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። አንድ ሠልጣኝ ፋይል በስሕተት ቢሰርዝ ከሁለቱም ላይ በአንድ ጊዜ ይሰረዛል። ሌባ ሣጥኑን ቢወስድ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ መብረቅም ቢመታ አንዱን መርጦ አይመታም። ስለዚህ የማይተኩት ቅጂዎች በየሳምንቱ ወደ ሦስተኛ ዲስክ ይገልበጡ። ያም ዲስክ ከሽቦ ተነቅሎ፣ ከእርጥበት ተጠብቆ፣ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። የዘር በቆሏችን እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጉልበት። ስልኩ የማያውቀው ዓይነት ቪዲዮ ሲመጣ ሣጥኑ በዚያው ቅጽበት እየለወጠ መላክ ይኖርበታል፤ ለዚህም ጠንካራ ፕሮሰሰር ስለሚያሻ ዋጋው ይወጣል። ነገር ግን አስቀድመን ሁሉንም አብዛኞቹ ስልኮች በሚያውቁት በኤች.264 አሠራር፣ በኤም.ፒ.4 ፋይል ብናዘጋጅ መለወጥ አያስፈልግም። ጄሊፊን የተባለው ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ምናልባት የምንፈልገው ሣጥን በዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ይሆናል።

አራተኛ፣ ሣጥኑ ከራውተሩ ጋር በሽቦ ይያያዝ። 40 ተማሪ በየስልኩ ቢከፍት በሴኮንድ 160 ሜጋቢት ይፈልጋል። የዛሬ የኔትወርክ ሽቦ እስከ 1000 ሜጋቢት ያደርሳል፤ ዋይፋዩ ግን በሰው ብዛትና በግድግዳ ይዝላል። ለዚህ ለዚህማ በአንድ ትልቅ ቴሌቪዥን አብሮ ማየትና መወያየት ሳይሻል አይቀርም።

አምስተኛ፣ የመብራት ነገር ለሁላችንም የታወቀ ነው። ዲስክ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ድንገት ቢጠፋ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ሣጥኑ በሥርዓት እስኪዘጋ የሚያቆይ ባትሪ፣ ዩ.ፒ.ኤስ. የሚባለው፣ አብሮ ይገዛ። ሣጥኑንም «ከቤቴ ሆኜ ልየው» እያልን በቀጥታ ለኢንተርኔት አንክፈት። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ዴድቦልት የተባለ ተንኮለኛ ፕሮግራም እንዲህ በተከፈቱ ብዙ ሣጥኖች ውስጥ ገብቶ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል።

የቴሌግራሙ ወንድማችንም አልተረሳም። ቴሌግራም ለሩቅ ጓደኛ ለመላክ ጥሩ ነው። ነገር ግን 40 ሰው አንዱን ቪዲዮ በየካርዱ 40 ጊዜ ሲያወርድ ኪሱን የሚጎዳው ሠልጣኙ ነው። ከሣጥኑ ሲያይ ግን ካርድ አይበላበትም።

በመጨረሻ ለመምህሮቻችን አንድ ቃል አለን። ሣጥኑ ከተገዛ በኋላ «እንዳይበላሽ» ተብሎ ቢሮ ውስጥ ቢቆለፍ ካለመገዛቱ የሚለየው በምንድን ነው? በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ አንድ መምህርና ሁለት ሠልጣኞች በየሳምንቱ መገልበጡን ተረክበው በመዝገብ ይፈርሙ። እኛም ሣጥን እስኪገዛ አንጠብቅም። በሕይወት ያሉት አባቶችና እናቶች ፈቃዳቸው ከሆነ እንደገና ሄደን እንቀዳለን፤ በዚያው ምሽትም በሁለት ዲስክ እናስቀምጣለን።

ሐሳባችን ይኸው ነው። የማይስማማ ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ግድግዳው ሰፊ ነው።