ያገለገለ የግንባታ ዕቃና የገዢው ሚዛን

ቤቱን ለማደስ የተነሣ ሰው የአዲስ ዕቃ ዋጋ ሲያስደነግጠው ወደ ምናለሽ ተራ ወይም ቤት ወደሚፈርስበት ሰፈር ማምራቱ የተለመደ ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ምክንያት ፒያሳን በመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች በርካታ ቤቶች መፍረሳቸው ይታወሳል። ከፈረሰ ቤት ደግሞ በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮና ብረት መውጣቱ አይቀርም። በእኛ እምነት እነዚህን ዕቃዎች ገዝቶ መጠቀም ብልህነት እንጂ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሆኖም ግን ገዢው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ዕቃው በቤቱ ውስጥ ምን ዓይነት ጭነት እንደሚሸከም ራሱን ሊጠይቅ ይገባል።

አሮጌ የዝግባ ወይም የጽድ በር ከአዲሱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። እርጥብ እንጨት በሕዋሶቹ ግድግዳ ውስጥ የያዘውን ውኃ ሲያጣ በአግድም ይኮማተራል፤ በዚህም የተነሣ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ለዓመታት በቤት ውስጥ የኖረ እንጨት ይህን ጣጣ አስቀድሞ ጨርሷል። ምስጥ ያልነካው መሆኑን ማረጋገጥ ይበቃል። አሮጌው ቀለም ግን እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ የለበትም።

ቆርቆሮን በተመለከተ ቀለሙ ራሱ ይናገራል። ብረቱን የሚጠብቀው የዚንክ ሽፋን ነው፤ ዚንክ ከብረት ይልቅ በቀላሉ ኤሌክትሮን ስለሚለቅ በብረቱ ፈንታ እርሱ ይበላል። በቆርቆሮው ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ ዚንኩ ገና በሥራ ላይ ነው፤ ቀይ ዝገት ከተስፋፋ ግን ተራው የብረቱ ሆኗል። ዋጋው የአዲሱ ግማሽ ሆኖ ዕድሜው ሲሶ ብቻ የሆነ ቆርቆሮ ደግሞ፣ ሻጩ ምንም ቢል፣ ውድ ነው።

አብዝተን የምንሠጋው ስለ ፌሮ ነው። ከፈረሰ አርማታ የወጣ ፌሮ ብዙውን ጊዜ ተጣምሞ ይገኛልና በመዶሻ ተቃንቶ ይሸጣል። ብረት ሲታጠፍና ሲቃና በውስጡ ዲስሎኬሽን የምንላቸው የአተሞች አሰላለፍ ጉድለቶች ይበዛሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይተሳሰራሉ። ብረቱ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ሳይበጠስ የመለጠጥ አቅሙ ይቀንሳል። በዓይን ሲታይ ቀጥ ያለ ብረት ነው! በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በእንዲህ ያለው ጊዜ ሕንፃን የሚያተርፈው የብረቱ መለጠጥ ነው።

የዝገትን ጉዳት በከፊል ለማወቅ ተራ ሚዛን ይበቃል። የብረት እፍግታ በኪዩቢክ ሜትር 7850 ኪሎ ግራም ስለሆነ የባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንድ ሜትሩ 888 ግራም ያህል መመዘን አለበት። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ 800 ግራም ብቻ ቢመዝን፣ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብረት የለም ማለት ነው፤ የሚሸከመው ጭነትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ዝገቱ በአንድ ቦታ ጎድጉዶ ከገባ ደግሞ አማካዩ ክብደት ጉዳቱን ይደብቃል። ስለዚህ ያገለገለ ፌሮ ለአጥር በር ወይም ለመስኮት ፍርግርግ ይዋል እንጂ ለኮለንና ለቢም አይዋል እንላለን።

አስቤስቶስ ያለበት አሮጌ የጣሪያ ሉህ በነፃ ቢሰጥም አይወሰድ፤ ሲቆረጥ የሚበነው ጭረት ሳንባ ውስጥ ገብቶ ካንሰር ያስከትላል።

ይህን ሁሉ ምርመራ ለገዢው ብቻ መተው ፍትሐዊ አይመስለንም። የምህንድስና ፋኩልቲዎቻችን ብረት ጎትቶ የሚፈትን መሣሪያ ያላቸው ናቸው። በወር አንድ ቀን ቤተ ሙከራቸውን ለሰፈሩ ሰው ቢከፍቱ ተማሪዎቻቸውም ከሠንጠረዥ ይልቅ ከገበያ የመጣ ብረት ይለካሉ። ናሙናው ተቆርጦ ከተዘጋጀ በኋላ ፈተናው ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው።