ሜዳው የማን ነው?

በሰቆጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መካከል ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቶ ሰንብቷል። ጥያቄው «አንድ የእግር ኳስ ክለብ የሚጫወትበትን ስታዲዮም ገዝቶ የራሱ ቢያደርግ ይሻለዋል ወይስ ሌላ አዲስ ቢሠራ?» የሚል ነው። ገሚሶቹ «ይግዛ» አሉ፤ ገሚሶቹም «ይሥራ» አሉ። ነገሩ የኳስ ወዳጆች ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታለፍ ለዛሬው ዐምዳችን መነጋገሪያ ይሆን ዘንድ መረጥሁት። ከጥያቄው በስተጀርባ የቆሙት መሬት፣ ገንዘብና ውሃ ናቸውና፤ እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በዋግ ኽምራ ምድር ቀልድ አያውቁም።

ክርክሩን የቀሰቀሰው ከወደ ኢጣልያ የመጣ ወሬ ነው። በሚላን ከተማ ሳን ሲሮ የሚባል ስታዲዮም አለ። በ1926 እ. ኤ. አ. የሚላን ክለብ ሜዳ ሆኖ ተከፈተ፤ በ1935 እ. ኤ. አ. ግን ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ሚላንም ሆነ ተቀናቃኙ ኢንተር በዚያ ሲጫወቱ የኖሩት በተከራይነት ነው። በኅዳር ወር 2025 እ. ኤ. አ. ሁለቱ ክለቦች ገንዘባቸውን አዋጥተው ስታዲዮሙን በዙሪያው ካለው ቦታ ጋራ በ197 ሚሊዮን ዩሮ ከማዘጋጃ ቤቱ ገዙት። አሳባቸውም አሮጌውን አብዛኛውን አፍርሰው በአጠገቡ አዲስ መሥራት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ሰው ሊያፈርሰው ላሰበው ቤት ይህን ሁሉ ገንዘብ ለምን ይከፍላል? መልሱ ግልጽ ነው፤ የገዙት ግንቡን ሳይሆን መሬቱን ነው።

የቶሪኖው ዩቬንቱስም መንገዱ ይኸው ነበር። ለ1990ው የዓለም ዋንጫ የተሠራው የዴሌ አልፒ ስታዲዮም የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ነበር፤ 69 ሺህ ያህል ሰው ቢይዝም ተመልካቹ ከሜዳው እጅግ ስለሚርቅ ብዙ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ይውል ነበር። ክለቡ በ2003 እ. ኤ. አ. ቦታውን ለ99 ዓመት የሚጠቀምበትን መብት ከማዘጋጃ ቤቱ ወሰደ። አሮጌውን አፍርሶ በ2011 እ. ኤ. አ. ያስመረቀው አዲሱ ስታዲዮም ግን 41 ሺህ ሰው ያህል ብቻ የሚይዝ ነው። መብቱን አስቀደመ፤ ግንባታውን አስከተለ፤ የሠራውም ከቀድሞው ያነሰ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሀብታሞቹ ስንት እንዳወጡ ሳይሆን የቱን እንዳስቀደሙ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ መሬት እንደ በሬ ለገበያ አይቀርብም። የ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደ ሆነ፣ የማይሸጥና የማይለወጥ እንደ ሆነ ደንግጓል። በከተማም ቢሆን ቦታ የሚያዘው በሊዝ ለተወሰነ ዘመን ነው። ስለዚህ «ክለቡ ሜዳውን ይግዛ» የተባለ እንደ ሆነ ትርጉሙ «ክለቡ በሜዳው ላይ ረዥም ዘመን የሚቆይ፣ በጽሑፍ የጸና የመጠቀም መብት ያግኝ» ማለት ነው። ይህ ነጥብ የሕግ ቃላት መሰንጠቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሜዳ ወረቀት ከሌለው፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር ባዶ ቦታ ተብሎ የሚቈጠረው ያ ሜዳ ነው። ልጆች ለዓመታት የተጫወቱበት መሆኑ በፕላኑ ላይ ካልተጻፈ፣ ቦታውን የሚመድበው ሰው ሊያውቀው አይችልም።

የክለቦቻችንን ታሪክ ብንመረምር አብዛኞቹ የሰው ቤት እንግዶች ሆነው እናገኛቸዋለን። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ. ም. የተመሠረተ አንጋፋ ክለብ ሲሆን፣ እርሱም ሆነ ሌሎቹ የዋና ከተማው ክለቦች ሲጫወቱ የኖሩት በጋራው በአዲስ አበባ ስታዲዮም ነው። የክፍለ ሀገሩም ሜዳ ቢሆን በአብዛኛው የከተማ አስተዳደር ወይም የክልል ነው። ጭራሽም ከ2013 ዓ. ም. ወዲህ የፕሪሚየር ሊጉ ውድድር ክለቦቹ በተመረጡ ከተሞች እየተሰበሰቡ የሚያካሂዱት በመሆኑ፣ አንዳንዱ ክለብ በደጋፊው ፊት ሳይጫወት ዓመቱ ያልፍ ነበር።

የዚህን ጉዳት መጠን ለማየት ሁለት ጨዋታዎችን እናነጻጽር። በ1954 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ የሚመራው ቡድናችን ያን ጊዜ የተባበረው ዐረብ ሪፑብሊክ ይባል የነበረውን የግብጽን ቡድን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን በገዛ ሕዝቡ ፊት አነሣ። ከ60 ዓመት በኋላ በሰኔ ወር 2014 ዓ. ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን ዳግመኛ 2 ለ 0 ረታ። ይህ ድል የተገኘው ግን በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ከተማ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያ የባሕር ዳርን ስታዲዮም ከደረጃ በታች ነው ብሎ ስላገደው፣ «በሜዳችን» የምናደርገውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደን ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ተረት አባቶቻችን ስለ ስታዲዮም አልተናገሩትም፤ ነገር ግን ከዚህ የበለጠ የሚስማማው ስፍራ አይገኝም።

«እንግዲያው አዲስ እንሥራ» የሚለው ወገን እዚህ ላይ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እውነትም አለው። ለዚህ ወገን የቅርብ ምስክሩ ጎረቤታችን ወልዲያ ናት። ዋግ በወሎ ሥር አውራጃ በነበረበት ዘመን የአንድ ጠቅላይ ግዛት ልጆች ነበርን። በጥር ወር 2009 ዓ. ም. በወልዲያ በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተጠራ፣ በባለሀብቱ ስጦታ ከ500 ሚሊዮን ብር በላይ የወጣበት፣ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ባለ ወንበር ስታዲዮም ተመረቀ። ይህን ያህል ሕንጻ ከዋና ከተማው ርቆ በአንዲት መካከለኛ ከተማ መቆሙ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የከተማው ክለብም በዚያን ጊዜ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ስታዲዮሙ በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት በ2010 ዓ. ም. ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ክለብን ክለብ የሚያሰኘው ተተኪ ልጅ፣ አሠልጣኝ፣ ደመወዝና የታመነ አስተዳደር ነው። ግንብ እነዚህን ከቶ አይወልድም። ስጦታ ሆኖ ሲመጣ እንኳ ነገ የሚጠብቀውንና የሚጠግነውን እጅ ይዞ አይመጣም።

ለሚጀመረውም ሥራ ፍጻሜው ሩቅ ነው። በባሕር ዳር ከ50 ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበው ስታዲዮም ከ2007 ዓ. ም. ጀምሮ ብሔራዊ ቡድኑን ሲያስተናግድ ቆይቶ፣ ያልተሟላው ነገር በዝቶ ነው ከላይ ለተናገርሁት እገዳ የበቃው። በአዲስ አበባም የአደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲዮም ከ2008 ዓ. ም. ጀምሮ ሲሠራ ዓመታት ተቈጥረዋል። የመንግሥት ካዝና ይህን ያህል ከደከመ፣ የአንዲት የደጋ ከተማ ክለብ ቢጀምረው የት ይደርሳል?

ወደ ሰቆጣ እንምጣና ሒሳቡን በጣታችን እንቁጠር። አንድ ሙሉ የኳስ ሜዳ በርዝመቱ 105፣ በስፋቱ 68 ሜትር ነው፤ ይኸውም 7,140 ካሬ ሜትር ይሆናል። ዳር ዳሩንና መቀመጫውን ስንጨምር ወደ አንድ ሄክታር፣ በገበሬ አነጋገር አራት ጥማድ ያህል መሬት ይፈጃል። አዲስ ሜዳ በከተማው ዳር ይውጣ ካልን፣ ያ አራት ጥማድ ከአንድ ሰው እርሻ ላይ መነሣቱ አይቀርም። በዋግ ተራራ ለጥ ያለ መሬት ማግኘት ደግሞ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

የውሃው ሒሳብ ከዚህ ይከፋል። ሣር ያለው ሜዳ በበጋ ወራት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢጠጣ፣ 7,140 ካሬ ሜትሩ በቀን 35,700 ሊትር ይፈልጋል። ይህ በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 1,785 ጀሪካን ነው። ልብ አድርጉ፤ ይህ የአንድ ቀን ብቻ ነው። ዝናቧ በጥቂት የክረምት ሳምንታት በሚያልቅባት አገር፣ እኅቶቻችን ጀሪካን ተሸክመው በሚሰለፉባት አገር፣ ይህን ውሃ ለሣር እናጠጣ ብሎ የሚከራከር ማን ነው? የሰቆጣ ስም በዓለም የታወቀው በሐምሌ ወር 2007 ዓ. ም. በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። ቃል ኪዳኑም ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በምግብ እጥረት እንዳይቀነጭሩ እስከ 2022 ዓ. ም. ድረስ መሥራት ነው። በመካከሉም ጦርነቱ ወደ ከተማችን ገብቶ አልፏል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብር ለኳስ የሚጠይቅ ሰው ምክንያቱን አጥርቶ መናገር ይገባዋል።

«እንግዲያውስ ኳሱ ራሱ ይቅር» የሚል ሰው ቢመጣ ግን አልቀበለውም። የተራበን ልጅ ማብላት ግዴታ ነው፤ የበላ ልጅ ደግሞ መሮጥ አለበት። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ወጣት ከሰዓት በኋላ የሚውልበት ቦታ ከሌለ የት እንደሚውል እናውቃለን። ለገና ጨዋታ ትልቁም ትንሹም በአንድ ሜዳ ላይ ይወጣ የነበረው አባቶቻችን ሥራ ፈትተው አይደለም። ሜዳ ሰው ከሰው የሚገናኝበት አደባባይ ነው።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፤ መያዝ ከመሥራት ይቅደም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል እንዲሉ፣ ዛሬ ልጆች አቧራውን የሚያቦኑበትን ሜዳ ንቀን ያልተወለደውን ስታዲዮም አናምልክ። መጀመሪያ ያለው ሜዳ ይለካ፤ በከተማው ፕላን ላይ ይስፈር፤ ክለቡ ሕጋዊ ሰውነት ያለው ማኅበር ሆኖ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋራ ዘመኑ የተወሰነ፣ ትምህርት ቤቶችንም የማያስወጣ ውል ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሜዳው መሃሉ በጥቂቱ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይስተካከል፤ በዙሪያውም ቦይ ይቆፈር። የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ እንዳይወስድ፣ ውሃውም በአንድ ጉድጓድ ተጠራቅሞ ለጥላ ዛፍ እንዲሆን ይረዳል። ሣሩ ይቆየን፤ በደንብ የተደለደለ የአፈር ሜዳ ብዙ ተጫዋች አፍርቷል። ሦስተኛ፣ አጥርና ለወንድም ለሴትም የተለየ መጸዳጃ ይሠራ። ሴቶች ልጆች ከሜዳ የሚቀሩት አንዳንድ ጊዜ በዚህ ጉድለት ብቻ ነውና። አራተኛ፣ መቀመጫው በዋግ ደንጊያ፣ በዋግ ግንበኛ እጅ፣ በየዓመቱ አንድ አንድ ደረጃ እየተጨመረ ይገንባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ይህ የድኻ ምክር የሚመስለው ካለ፣ ከሰቆጣ ብዙ ሳይርቅ ያለውን ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ሄዶ ይመልከት። ያን ቤተ ክርስቲያን የሠሩት ሰዎች ዐለት ከባዕድ አገር አላስመጡም፤ በእግራቸው ሥር የነበረውን ዐለት ፈለፈሉት እንጂ።

ለዚህም የእናንተ እጅ ያስፈልጋል። ተማሪዎች ሆይ፤ የሒሳብ ትምህርታችሁን ይዛችሁ ሜትር ዘርግታችሁ የሰፈራችሁን ሜዳ ለኩ፤ ስፋቱን፣ ተዳፋቱን፣ ጎርፉ የሚገባበትን በወረቀት ላይ ንደፉ። በመዝገብ ቤትና በመሬት አስተዳደር ክፍል የምታገለግሉ ወጣት ሠራተኞች ሆይ፤ መዝገቡን ገልጣችሁ ሜዳው በስሙ ተጽፎ እንደ ሆነ እዩ። ካልተጻፈ ማስታወሻ ጽፋችሁ ለአለቆቻችሁ አቅርቡ። ለዚህ ሚሊዮን ብር አያስፈልግም፤ አንድ ገጽ ወረቀትና አንድ ማኅተም ይበቃል። «ይግዛ ወይስ ይሥራ?» ብሎ መከራከር ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ መሬቱ በእጅ ሳይኖር ግን ሁለቱም ወገኖች በሌሎች ሰዎች ሜዳ ላይ ነው የሚከራከሩት።