ድፍረት ለብቻ አይለመድም

ስልኬ ሲጠራ ቁጥሩን እያየሁ ዝም እላለሁ። ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ «ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ነበርኩ» ብዬ ቴክስት አደርጋለሁ። ምንም ስብሰባ የለም፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ይህን አንብባችሁ ፈገግ ካላችሁ ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

በኢኮኖሚክስ ተመርቄ የመጀመሪያውን የሥራ ቃለ መጠይቅ የወደቅኩት ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም። «እስቲ ስለራስህ ንገረን» ነው ያሉኝ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ድምፄ ጠፋ። ቤት ስገባ እናቴ «ልጄ ጨዋ ስለሆነ ነው» ብላ አጽናናችኝ። እኛ ዘንድ አንገቱን የደፋ፣ ትልቅ ሰው ፊት የማይናገር ልጅ ይመሰገናል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ዝም በል» እየተባለ ያደገው ልጅ ግን በተመረቀ ማግስት «ተናገር እንጂ!» ይባላል። ከየት አምጥቶ?

ዓይን አፋርነት በሽታ አይደለም። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ፍርሃት ከትምህርት፣ ከሥራና ከጓደኛ ማስቀረት ሲጀምር ግን ባለሙያዎች ሶሻል አንግዛይቲ ይሉታል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በአፍላ ዕድሜ ነው። ለዚህ «አይዞህ፣ በራስህ ተማመን» የሚል ምክርም ሆነ የዩቲዩብ ሞቲቬሽን አይበቃም። ዋና በቪዲዮ አይለመድማ!

የተሞከረ መንገድ ግን አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሪቻርድ ሃይምበርግ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ባዘጋጀው የቡድን ሕክምና፣ ስድስት ያህል ሰዎች ከሁለት ባለሙያዎች ጋር በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንታት ይገናኛሉ። የሚፈሩትን ነገር እዚያው ይለማመዱታል። አንዱ ቀጣሪ ሆኖ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል። ከልምምዱ በፊት «ምን ይደርስብኛል ብለህ ነው የፈራኸው?» ይባላል፤ ሲጨርስ ደግሞ «የፈራኸው ደረሰ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ የቤት ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ ለምሳሌ ስልክ መደወል። ባለሙያው ልምምዱን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ያስኬዳል፤ የተነገረውም ከክፍሉ እንዳይወጣ ያስማማቸዋል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሁለት ባለሙያዎች ለሁለት ሰዓት ተኩል ቢቀመጡ አምስት የባለሙያ ሰዓት ነው። ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 50 ደቂቃ ይደርሰዋል። በሌላ አነጋገር፣ የ50 ደቂቃውን ወጪ ችሎ ሁለት ሰዓት ተኩል ይለማመዳል። ባለሙያም ገንዘብም ባጠረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ላይ ለሰው የሚለመደው ከሰው ጋር ነው።

«ዕቁብ፣ ዕድር፣ ማኅበር ያለን ሰዎች ሌላ ስብሰባ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። እዚያ ግን የሚናገሩት ትልልቆቹ ናቸው፤ እኛ ቡና እናቀርባለን። ተሳስተን የምንሞክርበት ቦታ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥነ ልቦና ትምህርት ክፍል አላቸው፤ በየከተማው የወጣት ማዕከል አዳራሽ አለ። ለተመራቂዎች ከምረቃ በፊት የአንድ ቀን አነቃቂ ንግግር ከማዘጋጀት፣ በባለሙያ የሚመራ የ12 ሳምንት ቡድን ቢጀመር ይሻላል። ሲቪ አጻጻፍ ብቻ ተምሮ አፉን ሳይፈታ የሚወጣ ልጅ፣ ሲቪው ቢያስጠራው እንኳ በሩ ላይ ይቀራል። እኔ ቀርቻለሁ።

እስከዚያው ለራሴ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ቀጥሎ የሚደወለውን ስልክ አነሳለሁ። እናንተስ?