ጊታርም ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

ሁለት ባለ ጊታሮች ከተገናኙ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ዕረፍት የለውም። አንዱ «የኔ ፌንደር ነው፤ እንደ ደወል ጥርት ይላል» ሲል፣ ሌላው «ጊብሰን ያልያዘ ሰው ስለ ድምፅ ባያወራ ይሻለዋል» ይላል። ስለ እንጨቱ ክብደት፣ ስለ አንገቱ ውፍረት፣ ስለ ቀለሙ እርጅና ሳይቀር ይሟገታሉ። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ወቀሳ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተወቃሽ ጸሐፊው ነው።

ነገሩ የሆነው ዘንገና ላይ ነው። ከዓመታት በፊት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚከበረውን የፈረሰኞች በዓል ለማየት ከጓደኞቼ ጋር ወርጄ ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ አንጋፋ ማኅበር ነው። በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብለን፣ እሳተ ገሞራ ከፈጠረው ከዚያ ክብ ሐይቅ ዳር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ጊታሮቻችንና በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየር ይዘናል። እንደተለመደው ክርክሩም ተጀመረ።

አንድ የአካባቢው ወጣት ቆሞ ያዳምጠን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ሄደና በጋቢ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ተመለሰ። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ስም የለውም። ክሮቹ ዝገዋል፤ ከአንገቱም እጅግ ርቀዋል። አንድ ጊዜ ነካሁትና «ወንድሜ፣ ይሄ ጊታር አይደለም፤ ማገዶ ነው» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። ልጁም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ ጊታሩን በጋቢው ጠቅልሎ ሄደ። ቆይቼ ስጠይቅ መጫወቱን ትቶታል አሉኝ።

በጊታር ዓይነት መካከል ልዩነት የለም አልልም። ለውሸት አልተነሣሁም። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወለደው ማግኔት ላይ ከተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ የብረቱ ክር ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌንደር ስትራቶካስተር ነጠላ ጥቅል ስላለው ድምፁ ስልና ብሩህ ነው፤ ግን ያጉረመርማል። ጊብሰን ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሌስ ፖል ላይ የገጠመው ጥንድ ጥቅል ጉርምርምታውን ያጠፋል፤ ድምፁም ወፍራም ነው። የፌንደሩ ክር ርዝመት 64.8 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የጊብሰኑ 62.8 ያህል ነው። አንድ ዓይነት ክር ወደ አንድ ድምፅ ሲቃኝ ረዥሙ ይበልጥ ይወጠራል፤ ጣት ላይ ጠንከር ይላል። እጃችን የሚነግረን እውነት ይህን ያህል ነው። ቀሪው አብዛኛው ጉራ ነው።

የዚያ ልጅ ጊታር ችግር ግን ስሙ ነበርን? አልነበረም! ክሩ ከአንገቱ ሲርቅ ጣት ያቆስላል፤ ወደታች ሲጫኑትም ስለሚለጠጥ ድምፁ ከቅኝቱ ይወጣል። ልጁ ጆሮው የከዳው መስሎት ይሆናል። ይህን የሚያስተካክሉት ክሩን የተሸከሙት ትንንሽ ብሎኖችና አንገቱ ውስጥ ያለው ዘንግ ናቸው። አዲስ ክር፣ አንድ መፍቻና የአንድ ከሰዓት ጊዜ ይበቃ ነበር። እኔ ሁሉም ነበረኝ። የሰጠሁት ግን ቀልድ ነው።

ለመሆኑ ማሕሙድ አሕመድ በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የሠራውን «ኧረ መላ መላ» ሲሰማ፣ የሰላም ስዩም ጊታር ፋብሪካው የት ነው ብሎ የጠየቀ አድማጭ ማን ነው? ኋላ በሮሃ ባንድም ቢሆን አድማጭ የለየው የሰውየውን እጅ ነው። ካሊፎርኒያም ሆነ ናሽቪል ለአንቺሆዬ ተብሎ ጊታር አልተሠራም። የጊታር ፍሬቶች አንዱን ኦክታቭ በ12 እኩል እርከን ይከፍሉታል፤ በፈረስ ጭራ የሚሠራው ማሲንቆ ግን ፍሬት የለውም፤ በእርከኖቹ መካከል እንደ ልቡ ይንሸራተታል። ጊታሪስታችን አምባሰልን ወይም አንቺሆዬን እንዲያ ሊያዜም ሲፈልግ ክሩን በጣቱ እየሳበ ያንን መካከል ይፈልጋል። ይህ ከጊታሩ ጋር አይሸጥም።

«ታዲያ በርካሹ እንብቃቃ ማለትህ ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። አቅም ያለው ይግዛ፤ በገዛውም ይደሰት። የምቃወመው የራሳችንን ግዢ የሌላው ሰው ችሎታ መለኪያ ማድረጋችንን ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የሚታወቅ ነው። ስም ያለው ጊታር እስኪያገኝ ይጠብቅ የተባለ የገጠር ከተማ ልጅ ሲጠብቅ ዕድሜው ያልፋል። እኛም በየሠርጉ ጊታር ጠፋ፣ ኪቦርድ ብቻውን ቀረ እያልን እናማርራለን። ማን አጠፋው?

እንጅባራ ላይ ያየሁት ይህን ያስተምራል። በጌጥ ያበደ ፈረስ ነበር፤ ጌጡም ደስ ይላል። ሽምጡ ሲጀመር ግን የሁሉም ዓይን ጋላቢው ላይ ነው። አባቶች «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ያሉት ፈረስ ንቀው አይደለም፤ ፈረስ አክባሪዎች ነበሩ። ግን ጦርነቱ የማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ባለ ጊታር ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ ጀማሪ ጊታሩን ሲያሳየን ስሙን ከማንበባችን በፊት ክሩን እናስተካክልለት። እኔ ለዚያ የዘንገና ልጅ ይቅርታና አንድ እሽግ ክር ዕዳ አለብኝ።