ኪቦርድና የጨንቻ ብርድ

በቤታችን ያለው ኪቦርድ ከሠርግ ወደ ሠርግ እየዞረ የልጃችንን የትምህርት ወጪ የሚሸፍን ነው። ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ከጨንቻ ሠርግ ተመልሶ መካከለኞቹ ቁልፎች ድምፅ ቢነፍጉን እጅግ ደነገጥን።

ጨንቻ 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ደጋ ናት፤ አርባ ምንጭ ግን 1300 ሜትር ገደማ ላይ በአባያና በጫሞ አጠገብ ያለች ቈላ ናት። በብርድ ያደረ መሣሪያ ወደ ሙቅና እርጥብ አየር ወርዶ ወዲያው ከቦርሳው ሲወጣ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል፤ ጤዛውም ከአቧራው ጋር ተለውሶ በቁልፎቹ ሥር ይጣበቃል። እንግዲህ በቦርሳው እንደ ተዘጋ ጥቂት ሰዓት ይቈይ እንጂ በችኰላ ኤሌክትሪክ አይሰካለት።

እኛስ አርጅቷል ብለን ልንጥለው ነበር። ነገር ግን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1983 ዓ.ም. የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 እንኳ ዛሬም የሚጫወቱበት አለ። አንድ የራዲዮ ጠጋኝ ፈትቶ የላስቲኩን ጥቁር የካርቦን ነጥብ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፣ ሰሌዳውን በንጹሕ አልኮል በቀስታ ቢጠርገው ድምፁ ተመለሰ።

ስለ አዳፕተርም ይህን እንበል፤ መሰኪያው ስለ ገባ ብቻ ይስማማል ማለት አይደለም። ቮልቱ እኩል ቢሆንም በአንዳንዱ ሥሪት መካከለኛው ጫፍ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጋቲቭ ነውና አስቀድሞ ከመሣሪያው ጀርባ ያለውን ምልክት መመልከት ይገባል።

ለመሸፈኛ ያረጀ የዶርዜ ጋቢ አለን፤ ፕላስቲክ እርጥበቱን ያፍነዋል።